የእሁድ ከሰዓት ሙዚቃ

ማቴዎስ ቆጣሪ ሊያነብ የሰው ቤት ሲገባ፣ ዓይኑ ከቆጣሪው በፊት የሚያርፈው ሌላ ነገር ላይ ነበር። ቁም ሳጥን አናት ላይ አቧራ የለበሰ ስፒከር፣ አልጋ ሥር የተወሸቀ ሬዲዮ፣ ዶሮ የሰፈረችበት የሸክላ ማጫወቻ፤ ባለቤቱ የረሳውን ሁሉ እሱ ያያል። የቤቱ ሰው «ደግሞ በዚህ ወር ስንት አስቆጠርክብን?» እያለ ሲነጫነጭ፣ እሱ ደብተሩን አጥፎ «ይቺን ዕቃ አትሸጧትም?» ይላል። ይስቁበታል። ሲስቁበት ደግሞ ደስ ይለው ነበር፤ የሚሳቅበትን ዕቃ በርካሽ ይሰጡታላ።

ሳሎኑ ውስጥ የነበረውን የሙዚቃ መሣሪያ ያቆመው እንዲህ እያለ ነው። በአንድ ቀን አይደለም፣ በአሥር ዓመት ነው። መጀመሪያ፣ በ1967፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ፒካፕ የሚሉትን የሸክላ ማጫወቻ ከአንድ ቅርጫት ሸክላ ጋር ገዛ። የሸጠችለት ወይዘሮ አባይነሽ ቡና ቤቷን ዘግታ ወደ ዘመዶቿ ልትሄድ ዕቃዋን ስትበትን ነው። የፒካፑ ድምፅ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ነበር የሚወጣው። ማቴዎስ ግን ከዚያ ከታፈነው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ እንዳለ ይሰማው ነበር። የቤዝ ተጫዋቹ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት፣ ሳክስፎን ነፊው ከመንፋቱ በፊት ትንፋሹን ሲስብ። እዚያ ውስጥ አሉ፣ ግን አይወጡም። እነሱን ለማውጣት ነው ዕድሜውን የፈጀው።

ሁለት ስፒከር ከተበላሸ ሬዲዮግራም ሆድ ውስጥ አወጣ። ወረቀታቸው ተቀዶ ስለነበር በሚስቱ በታቢታ ሻሽ ቁራጭና በኮላ ለጠፈው። ሳጥኑን ከዋንዛ ጣውላ ራሱ ሠራና ሆዱን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሚወጣ የጥጥ ውዳቂ ጠቀጠቀው። አምፕሊፋየሩን ያገኘው ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው፤ ብስክሌቱን ሰጥቶ አምፕሊፋየሩን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። አዋሳን በሚያህል ሜዳ ከተማ ብስክሌት መስጠት እግርን ቆርጦ መስጠት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ እስከ ሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል በእግሩ እየኳተነ ቆጣሪ አነበበ። ጫማው ሦስት ጊዜ ሶሉ ተቀየረ። እሱን ግን አንድም ቀን አልቆጨውም።

ችግሩ ሌላ ነው። ማቴዎስ ጴንጤ ነው። ከአባቱ ጀምሮ በወንጌል ያደገ፣ ጠዋት ማታ ተንበርክኮ የሚጸልይ ሰው ነው። በእነሱ ዘንድ ዘፈን ኃጢአት ነው፤ ክርክርም የለውም። ፒካፑ ቤት በገባ በዓመቱ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ኩማ ነበሩ። የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወፍጮ ሞተር ጋር ሲጯጯሁ ስለኖሩ ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ የሰው ኃጢአት ሲሆን ግን በደንብ ይሰማቸዋል።

«ዕቃውን ከቤትህ አውጣ» አሉት።

«ጋሽ ኩማ፣ እኔ እኮ ግጥሙን አይደለም የማዳምጠው። ድምፁን ነው።»

«ዘፈን ነው አይደለም?»

«ዘፈን ነው።»

«በቃ!»

በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ዕቃውን አውጥቶ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከጌታ እራት ታገደ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ እሁድ የኅብስቱ ትሪ ሲዞር ታቢታ ትቆርስና ትሪውን በጉልበቱ ላይ አሳልፋ ከእሱ ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰው ትሰጣለች። ሰው ሁሉ አዝኖለት ፊቱን ያዞርለታል። ቢያፈጡበት ይሻለው ነበር። ማቴዎስ ከመሣሪያው ሌላ በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ትሪ እሱ ጋ እንዲቆም። ሁለቱን አንድ ላይ መውደዱ ነው ያስቀጣው።

በ1971 ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ። ቀበሌው የእህል መጋዘን አደረገው። ሁለት ሽማግሌዎች ታሰሩ፤ ምእመኑም እንደ ፈሰሰ ጤፍ በየቤቱ ተበተነ። ማቴዎስ ከሁሉም አብልጦ አለቀሰ። ሌላው ሰው የሚያመልክበትን ነው ያጣው፤ እሱ ግን ይቅር የሚባልበትንም ነው።

ሁለት ዓመት አለፈና አንድ ቀን ጋሽ ኩማ ብቻቸውን ብቅ አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ስፒከሮቹን በጎን ያዩ ጀመር።

«አንተ ቤት ሁልጊዜ ሙዚቃ አይጠፋም» አሉ።

«አዎ።»

«ጎረቤቱ ለምዶታል።»

«ለምዶታል፣ ጋሽ ኩማ።»

«እሁድ ከሰዓት እኛ ጓዳህ ውስጥ ብንሰበሰብና አንተ ሳሎን ሆነህ ብትከፍተው፣ ከውጭ የሚሰማው ምንድን ነው?»

ማቴዎስ ገባው። ሳቁም እንባውም እኩል መጣበት።

«ዘፈን» አለ።

«ዘፈን» አሉ ጋሽ ኩማ፣ ጠጠር ያኘኩ ይመስል ፊታቸውን አጨማደው።

«የእኔስ ነገር?»

«የአንተ ነገር በቃለ ጉባኤ ነው የታገደው፤ የሚነሣውም በቃለ ጉባኤ ነው። ሁለቱ ወንድሞች እስር ቤት ናቸው፣ ጉባኤው አይሞላም። እስከዚያ አገልግል። ጌታ ያያል።»

ቀበሌን ከሚሸሽ ሰው አፍ እንደ ቀበሌ ያለ ነገር ሲወጣ መስማት ያናድዳል። ማቴዎስ ግን አልተናደደም፤ ተስፋው ለንዴት ቦታ አልተወለትም። «እሺ» አለ።

እንዲህ ተጀመረ። እሁድ እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሰዎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። አንዷ ጎመን ይዛ በፊት በር፣ ሌላው በጓሮ አጥር በኩል፣ አንዱ መጥረቢያ ሊዋስ የመጣ መስሎ። ጓዳው ውስጥ ሃያ ሰው ይታጨቃል። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ይጸልያሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ማቴዎስ ብቻውን ዘፈን ያጫውታል።

የሸክላ ነገር ግን አጭር ነው። አንዱ ፊት በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ከጓዳ «ጌታ ሆይ፣ ሕዝብህን በምሕረ...» የሚል ይጀምራል፣ ሸክላው ያልቃል፣ ሃያው ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ማቴዎስ ተሯሩጦ ይገለብጠዋል። ከበሮው ሲመታ «...ትህ ጎብኝ!» ብለው ይቀጥላሉ። አሮጌው መርፌ መዝለል ሲጀምርማ ጸሎቱም አብሮ ይዘል ጀመር። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላት ፈትያ ከሞያሌ በሩዝ ጆንያ ውስጥ ደብቃ አዲስ መርፌ አስመጣችለት። ለመርፌው ዋጋ ካፖርቱን ሸጦ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከረመ።

ይግረማችሁ ብሎ ጋሽ ኩማ ራሳቸው ስለ ድምፅ ማማከር ጀመሩ። ከመጋረጃው ብቅ ብለው «ጨምረው!» ይላሉ። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ «ወፍራሙ ድምፅ ይሻላል፣ ዝማሬውን የሚሸፍነው እሱ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ማቴዎስን ወደ ጥግ ወስደው «ካሴት የሚባለው ሳይቋረጥ ስንት ደቂቃ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁት።

«አርባ አምስት ደቂቃ የሚሄድ አለ።»

«እሱን አምጣ።»

ማቴዎስ የሚሸጥ ነገር አልቀረውም ነበር። በሦስተኛው ቀን ታቢታ የልብስ ስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና ወጣች። ስትመለስ ገንዘቡን እጁ ላይ አስቀምጣ «ለጸሎቱ ነው» አለችው፤ «ለዘፈኑ እንዳይመስልህ።» ይቺ ሴት ውሸት የሚባል ነገር አፏ ላይ ዞሮ አያውቅም። ጎረቤት ቀሚስ አሰፍታ «አማረብኝ?» ስትላት እንኳ ካላማረባት «አላማረብሽም» ብላ ደንበኛ ታባርር ነበር። ማቴዎስ የወደዳትም በዚሁ ነው።

የካሴት ማጫወቻው ዴክ የገባው በ1977 የመስከረም የመጀመሪያ እሁድ ነው። ማቴዎስ ካሴቱን አስገብቶ ተጫነው፤ ድምፁ ከሁለቱ ሳጥኖች ሞልቶ ሲፈስ ሰውነቱን ውርር አደረገው። የቤዙ ጣት በክሩ ላይ ሲንሸራተት ሰማ። ሳክስፎን ነፊው ትንፋሹን ሲስብ ሰማ፤ ከጎኑ የተቀመጠ ያህል ነበር። አሥር ዓመት የለፋበት ነገር ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ነበር። የሚነግረው ሰው ፈለገና ወደ መጋረጃው ሄደ። አሁን እኮ አርባ አምስት ደቂቃ መሣሪያውን መጠበቅ የለበትም፣ ገብቶ ከሰው ጋር መጸለይ ይችላል። መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ የኅብስቱ ትሪ እየዞረ ነበር። ጋሽ ኩማ አዩት። መዳፋቸውን ከፍ አድርገው፣ ቁጣ በሌለው እጅ፣ እዚያው ሁን አሉት።

ሲጨርሱ ታቢታ ወጣች። ከንፈሯ ጥግ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር።

«የእኔን ነገር ማንም አላነሣም?» አላት።

«እኔ አነሣሁ።»

«እና?»

«ጉባኤው አልሞላም አሉ።»

በዓመቱ ነው ደበሌ የመጣው። ደበሌ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው፣ ቀልዱ ከአፉ የማይለይ፣ ሲስቅ የሚያስፈራ ሰው ነው። እሁድ ከሰዓት ነበር፣ ጓዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። በሩ በጠመንጃ ሰደፍ ተንኳኳ።

«ማቴዎስ! ክፈት እንጂ! ከአጥር ውጭ ቆሞ መስማት ሰለቸኝ እኮ!»

ማቴዎስ የሙዚቃውን ድምፅ ትንሽ ጨመረና በሩን ከፈተ። «ይግቡ ጓድ ደበሌ» አለ፤ የራሱ ድምፅ ለራሱም ቀጥኖ ተሰማው።

ደበሌ ገብቶ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠና በድንገት ጣቱን ቀሰረ።

«ሰማህ? የቤዙ ሰውዬ ጣቱ ሲንሸራተት? ጣቱ ይሰማል እኮ! የት አግኝተህ ነው ይሄን ዕቃ?»

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያንን የሰማለት ሰው አልነበረም። ታቢታ አልሰማችም፣ ጋሽ ኩማ ጨምረው ከማለት በቀር አልሰሙም። የሰማው ይኼ ሰው ነው። ማቴዎስ ፈርቶ እያለም ወደ እሱ ጠጋ አለ።

«ቀስ በቀስ ነው የሰበሰብኩት፣ ጓድ።»

«ግን ይሄ ሁሉ ሙዚቃ ለማን ነው? ግብዣው የታለ?» ደበሌ ዓይኑን ወደ መጋረጃው ላከ። «ሰው ምን ይላል መሰለህ? ማቴዎስ ጴንጤ ነው ይላል። እኔ አላምንም። ጴንጤ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ያዳምጣል እንዴ?» ከኮቱ ኪስ ጠፍጣፋ የአረቄ ጠርሙስ አወጣ። «ጴንጤ አይጠጣም። አይጨፍርምም። አይደለም?»

«ሴቶቹ ጓዳ ናቸው፣ ወጥ እየሠሩ...»

«ሴቶቹን መቼ ጠየቅሁህ?» ጠርሙሱን ዘረጋለት።

ማቴዎስ ጠጣ። በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቀው ነገር ጉሮሮውን ልጦት ወረደ፤ ዓይኑ እንባ አዘለ። ደበሌ እየሳቀ አስደገመው። ከመጋረጃው ወዲያ ኮሽታ የለም። ሃያ ሰው፣ ከነሱ አንዷ ነፍሰ ጡር፣ አንዷ የሚጠባ ሕፃን አዝላ። ሕፃኑ ቢያለቅስ ሁሉም ያልቅላቸዋል። ደበሌ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተነሣ፤ የማቴዎስን ክንድ ያዘና ጎተተው።

ማቴዎስ ጨፍሮ አያውቅም ነበር። ግን ያንን ካሴት ከራሱ የልብ ምት በላይ ያውቀዋል፤ ከበሮው የት እንደሚዘገይ፣ ሳክስፎኑ የት እንደሚገባ። ትከሻው ከእሱ ቀድሞ አወቀው። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር የሚንቀሳቀሰው። ትንሽ ቆይቶ ግን ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ትከሻው ተፈታ፣ አንገቱ ተፈታ፣ ደበሌ «በለው! በለው!» እያለ እጁን ሲያጨበጭብ ማቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ዓይኑን ሲገልጥ የመጋረጃው ጠርዝ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የታቢታን አንድ ዓይን አየ።

ካሴቱ ሲያልቅ ደበሌ ላቡን ጠርጎ ጠመንጃውን አነገተ። «አረጋግጫለሁ፣ ጴንጤ አይደለህም!» ብሎ በሳቅ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቤት ማንም ፈታሽ ደፍሮት አያውቅም። ደበሌ ራሱ በዓመቱ ወደ ሰሜን ዘምቶ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ኩማ ከጓዳ ሲወጡ አፍንጫቸው አረቄውን አገኘው። ፊታቸውን አዙረው በጓሮ በኩል ሄዱ።

በ1982 ማለቂያ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰ። ውስጡ ገና በቆሎ በቆሎ ይሸታል፤ ሴቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ አጠቡት። የታሰሩት ሁለት ሽማግሌዎች ከተፈቱ ቆይተዋል፣ ስለዚህ ጉባኤው ሞላ። ከመጀመሪያው የጌታ እራት በፊት በእንጥልጥል የነበሩ ጉዳዮች ይታዩ ተባለ። ማቴዎስ የክት ሱሪውን አስተኩሶ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ ሄደ። ዛሬ ይነሣልኛል ብሎ ነው፤ ማንስ ቢሆን እንዲያ አያስብም?

ጸሐፊው አነበበ። አንደኛ፣ ዓለማዊ ዘፈን በቤቱ ማጫወት። ማቴዎስ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱን ያውቀዋል። ጸሐፊው ግን አላቆመም። ሁለተኛ፣ አስካሪ መጠጥ መጠጣት። ሦስተኛ፣ ከአንድ ታጣቂ ጋር መጨፈር።

«እውነት ነው?» አሉ ጋሽ ኩማ።

ማቴዎስ ብድግ አለ። «ለምን እንደሆነ እኮ ታውቃላችሁ! ከጓዳ ነበራችሁ! እርስዎም ነበሩ፣ ጋሽ ኩማ!»

«ለምን ተብለህ አልተጠየቅህም። ስላተረፍከን እግዚአብሔር ይስጥህ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የተጠየቅኸው አድርገሃል ወይ ነው።»

«አድርጌአለሁ!» ደሙ ፈላ። «ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ከተፈቱት ሽማግሌዎች አንዱ፣ በእስር ጥርሱ ያለቀ ደግ ሰው፣ እጁን አነሣ። «ወንድሞች፣ ተገዶ ከሆነ ኃጢአት አንለውም። ያየ ሰው ይናገር።»

ታቢታ ተጠራች። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ማቴዎስ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

«ተገዶ ነው የጠጣው?»

«ተገዶ ነው» አለች።

«ተገዶ ነው የጨፈረው?»

ታቢታ መሬት መሬት አየች። እጇ የነጠላዋን ጥለት ያፍተለትላል።

«ሲጀምር ተገዶ ነው» አለች። «በኋላ ግን... ደስ ብሎት ነበር።»

ማቴዎስ ዞሮ አያት። ውሸት ነው ሊል ፈለገ። ግን እውነት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሌላ ነገር መናገር የማትችል ሴት ነበረች።

«በዚያ ደስታ ትጸጸታለህ?» አሉ ጋሽ ኩማ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ከልብህ ተጸጽተህ ዕቃውን ከቤትህ ካወጣህ ዛሬውኑ እንዘጋዋለን።»

በዚያች ቅጽበት ማቴዎስ ራሱን መረመረ። ጸጸት ፈለገ። በሙሉ ልቡ ፈለገ፤ ከየትኛውም ጥግ አላገኘም። ያገኘው ያን ከሰዓት ብቻ ነው፤ አንድ ሰው የሰማውን ሰምቶለት፣ ትከሻው ተፈትቶ፣ ለሃያ ሰው ነፍስ እየፈራ በዚያው ደስ ያለው ያን ከሰዓት።

«እጸጸታለሁ» አለ።

እልልታ ሆነ። ጋሽ ኩማ አቅፈው ሳሙት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ የምራቸውን ነው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጽፎ አስፈረመው።

በአሥር ዓመት የገባው ዕቃ በአንድ ማክሰኞ ወጣ። ፈትያ ዴኩን ወሰደች፣ አምፕሊፋየሩን አንድ አስተማሪ ወሰደው፣ ሸክላዎቹን የሚፈልግ ስላልተገኘ በነፃ ተሰጡ። የስፒከር ሳጥኖቹን የጠየቀ ግን ጠፋ፤ ታቢታ ጥጡን አውጥታ ፍራሽ ውስጥ ጨመረችው።

እሁድ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትሪው ከፊት ተነሥቶ በየወንበሩ መጣ። ታቢታ ቆረሰችና፣ ያኔ ታደርግ እንደነበረው በጉልበቱ ላይ አላሳለፈችውም፤ ፊት ለፊቱ ያዘችለት። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ትሪው እሱ ጋ ቆመ።

«ለምን ዋሸህ?» አለችው፣ ሳታየው፣ በሹክሹክታ።

ማቴዎስ ኅብስቱን ቆረሰ።

«አንቺ እውነቱን ስለተናገርሽ» አላት። አፉ ውስጥ ጨመረው፣ ዋጠው፤ ትሪውንም ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰው አቀበለ።